አና ስትቀላ

ቡሌ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዓይን ብሌኔ ለመነን፣

እንደምን ሰነበትሽ የኔ ዓለም? ብርዱስ ለቀቅ አደረጋችሁ? እኛ ደህና ነን። ይህን ቃል ከእኔ አፍ ስትሰሚ እንደማታምኚ አውቃለሁ። በፋሲካ ዕለት ስልክ ላይ «አባትሽ ደህና ነው፣ ምንም የለበትም» ብልሽ «እማዬ፣ እያባበልሽኝ ነው። ትኬቱን ቆርጫለሁ፣ ትምህርቱ ይቅርብኝ» ብለሽ ዘጋሽብኝ። ዘርዝሬ እንዳላስረዳሽ ደግሞ አባትሽ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ዶሮውን እየበላ ነበር።

ስለዚህ ዛሬ ወረቀት አነሳሁ። ወንድምሽ ሳምሶን እሁድ ከዲላ ሲመጣ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል። እሱ እንኳ «ድምፅሽን ቅጂና ልላክላት» ብሎኝ ነበር። ድምፅማ ይንቀጠቀጣል፤ አንቺም መንቀጥቀጡን ይዘሽ ሌላ ነገር ታስቢያለሽ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልጅ ፊደል ሳስቆጥር የኖርኩ ሴት ነኝ፤ በጽሑፌ እመኚኝ።

በጥቅምት እያለቀስኩ ደውዬ «አባትሽ አእምሮው እየሄደ ነው» ያልኩሽ ያለ ምክንያት አልነበረም። ሰው ሰላም ማለት ትቶ ነበር እኮ። አብረውት ያስተማሩ ጓደኞቹ መንገድ ላይ ቆመው እያዩት አልፏቸው ይሄዳል። ሻይ ላይ ጨው ይጨምርና ፊቱን እንኳ ሳያኮማትር ጠጥቶ ይጨርሳል። አንድ ቀን ደግሞ በራችን ላይ የቆመውን የጎረቤታችንን የፊሊጶስን ልጅ «ሳምሶን፣ መቼ መጣህ?» ብሎ ሳመው። አጎትሽን ሀብተ ጊዮርጊስን ታስታውሺዋለሽ። እሱም እንዲሁ ነው የጀመረው። መጀመሪያ ሰላምታ ረሳ፣ ቀጥሎ ስም ረሳ፣ በመጨረሻ የገዛ ልጆቹን «እናንተ የማን ልጆች ናችሁ?» እያለ ሞተ። አባትሽ ደግሞ የእሱ ታናሽ ነው። ታዲያ እኔ ምን ልበል?

ይህ ሁሉ ሆኖ ዝም ብዬ ነበር። ያስጮኸኝ የፖሟ ነገር ነው።

አናን ታውቂያታለሽ አይደል? ጓሮ፣ እንሰቱ መሃል የነበረችው። አንቺ ስትሄጂ ከወገብሽ አትበልጥም ነበር። አባትሽ ጡረታ የወጣ ሰሞን ጨንቻ ያለ የድሮ ጓደኛውን ሊጠይቅ ሄዶ ሁለት የፖም ችግኝ ታቅፎ መጣ። አንዷ አና የምትባል ዝርያ ናት፣ ሌላዋ ዶርሴት። ዶርሴትን ሥር ሳትሰድ ፍየል ጎረደማት፤ አና ብቻዋን ቀረች። እዚህ አገር መቼም ሁሉም ነገር የሚያድገው በጥላ ነው፤ ቡናውም፣ ጎመኑም፣ ሰውም። ፊሊጶስ «ጋሼ፣ ፀሐይ ትጨርሳታለች» ብሎ መክሮት እንሰት መሃል ተከላት። እሷም እዚያ ጨለማ ውስጥ ሽቅብ እየተመዘዘች፣ ቅጠሏ እያማረ፣ ፍሬ የሚባል ሳታውቅ ኖረች። አንዳንድ ዓመት ጥቂት አበባ ታሳይና ታረግፈዋለች። እኔ ለዓይን ማረፊያ ይሁን ብዬ ነው የተውኳት።

አባትሽ ባለፈው ክረምት እንደገና ጨንቻ ደርሶ መጣ። ከዚያ ወዲያ ነው ጉዱ የፈላው። መጀመሪያ በዙሪያዋ ያለውን እንሰት ነቃቅሎ ለፊሊጶስ ሰጠው። ይሁን፣ እንሰት ይዛወራል፣ ይሰጣል፤ ምንም አላልኩም። በጥቅምት ግን አንድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጓሮ የሚንኮሻኮሽ ነገር ሰማሁ። ሮጥ ብዬ ዳገቷን ስወጣ ትንፋሼ ቁርጥ አለ። አባትሽ መሰላል ላይ ቆሞ የአናን ቅጠል በእጁ እየሸመጠጠ ይጥላል። የታመመ ቅጠል እንዳይመስልሽ፤ ለምለም፣ ወዙ የሚያበራ ቅጠል ነው። ደግሞ እያየም አይደለም፤ ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ ቅርንጫፉን በጣቶቹ እየዳሰሰ ነው።

«ደበበ! ምን እያደረግህ ነው?» አልኩት።

«ላስተኛት ነው።»

«ማንን?»

«አናን። እንቅልፍ አጥታ እኮ ነው የማታፈራው።»

ያን ቀን ነው የደወልኩልሽ።

ወሬው ሰፈሩን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። የጌዴኦን ሰው ታውቂያለሽ፣ ዛፍ ዝም ብሎ አይነካም፤ ሲነካም ምክንያቱን ይጠይቃል። ፊሊጶስ ሁለት ሽማግሌ ይዞ መጣና አናን ዞር ዞር ብለው አዩአት። አንዲት ቅጠል የላትም፣ ቀጥ ብላ ቆማለች። ፊሊጶስ በጣም አዘነ።

«ጋሼ፣ ይቺ ዛፍ ምን በደለችህ? ቅርንጫፍ ብትቆርጥ ለማገዶ ነው እንላለን። ቅጠል ነጭቶ መሬት የሚጥል ሰው ግን እኛ እስከ ዛሬ አላየንም» አለው።

አባትሽ ደስ አለው። የሚሰማው ሰው አገኘ። ሽማግሌዎቹን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸውና ክፍል ውስጥ የቆመ ይመስል ጀመረ።

«አናን ያዳቀሏት እስራኤል አገር ነው። አንዱ ወላጇ ጎልደን ደሊሺየስ የሚባል ቢጫ ፖም ነው፤ ያ የብርድ አገር ዘር ነው። ሌላው ሐዳሲያ የሚባል ቀይ ፖም ነው፤ እሱ ደግሞ እዚያው ሙቀት የለመደ። ፖም ማለት በብርድ ካልተኛ አያብብም። አና ግን ሙቀት ከለመደው ወላጇ ስለወሰደች ትንሽ ብርድ ይበቃታል። ቡሌ ደግሞ ብርድ መች አነሰው? ብርዳችን ግን ቅጠል የሚያረግፍ ብርድ አይደለም። ቅጠሏ ካልረገፈ ደግሞ ዓመቱ የዞረ አይመስላትም፤ እንደነቃች ትቀራለች። መነን ያለችበት አገር ቢሆን ራሷ ታረግፈው ነበር። እዚህ ስለማታውቅ እኔ አረገፍኩላት። ጨንቻም እንዲህ ነው የሚያደርጉት። ትንሽ ትተኛና ትነቃለች።»

ሽማግሌዎቹ «እሺ ጋሼ፣ እሺ» ብለው በትሕትና ተነሱ። ፊሊጶስ በሩ ላይ ጎተት አደረገኝ። «እትዬ፣ ዲላ ውሰጂው። ሰውዬው ከዛፍ ጋር ነው የሚያወራ» አለኝ በሹክሹክታ።

አሁን ሳስበው አባትሽ አንዲት የተሳሳተ ቃል አልተናገረም። ግን ልጄ፣ ዛፍ እንቅልፍ አጣች ብሎ የሚጨነቅ ሰው ስታዪ ጤነኛ ነው ትያለሽ? እኔ በእያንዳንዱ ቃል ውስጥ የምሰማው አጎትሽን ነበር። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው ደግሞ «እኔ ምን ሆንኩ?» ብሎ ይቆጣል፤ ቁጣው እንዴት እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ።

ኅዳር ሊያልቅ ሲል ያቺ ራቁቷን የቆመች ዛፍ በአበባ ተሸፈነች። ነጭ ነው፣ ጫፍ ጫፉ ላይ ቀላ ይላል። ሰው በአጥር እየተንጠራራ ያያታል። እኔም «ተመስገን፣ ለካ የሚያደርገውን ያውቃል» ልል ስል አባትሽ ምን ቢል ጥሩ ነው? «አሁን ባል እንፈልግላት።»

በነጋታው ሞተር ተከራይቶ ከኋላ ተፈናጠጠና ወደ ላይኛው ቀበሌ ሄደ። ቦንቱ የምትባል ሴት ጓሮ አንድ ዶርሴት እንዳለች ሰምቶ ኖሯል። ሲመለስ አፉ የተቆረጠ ጄሪካን ታቅፏል፤ ውስጡ ውሃ፣ ውሃው ውስጥ ያበበ የፖም ቅርንጫፍ። መሰላሉን አቁሞ ጄሪካኑን አና መሃል በገመድ ሰቀለው።

«ሙሽራው ገባ! የትምወርቅ፣ እልል በይ እንጂ!» አለኝ።

እኔ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እሱ ከውጭ ለተሰበሰቡት ልጆች ያስረዳል። አና በራሷ አበባ ዱቄት ብቻ እምብዛም አታፈራም፤ አብሯት በአንድ ጊዜ የሚያብብ ሌላ ዝርያ ከጎኗ ይፈልጋል፤ ዶርሴትን ፍየል ስለበላት በጄሪካን አመጣንላት፤ የቀረው የንብ ሥራ ነው። ልጆቹ ይስቃሉ። የፊሊጶስ ንቦች ግን እውነትም ከጄሪካኑ ወደ አና፣ ከአና ወደ ጄሪካኑ ሲመላለሱ ዋሉ። ፊሊጶስ ራሱ በአጥሩ ላይ ተደግፎ «ንቦቼ ለጋሼ ተቀጠሩ» እያለ ሲያሾፍ ነበር።

ጥር ላይ ፍሬ ታየ። አንድ ሁለት አይደለም፤ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ። በዛፏ በኩል ልቤ ትንሽ ተመለሰ። ጨዉ ግን እንዳለ ነው፣ ሰላምታ መንሳቱም እንዳለ ነው። እንዲያውም አንድ ቀን ከበሩ ምሰሶ ጋር ተጋጭቶ «ይቅርታ» አለው። ስለዚህ ስትደውዪ አሁንም ዝም ዝም እልሽ ነበር፤ አንቺም ዝምታዬን እየተረጎምሽ ትኬት መፈለግ ጀመርሽ።

አሁን የፍሬዋን መልክ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ነገሩ የተፈታው በዚያ ነው። አና እንደ ሱቅ ፖም ድቡልቡል አይደለችም። ትከሻዋ ሰፋ ብሎ ወደ ታች ሞጠጥ ትላለች፣ ቁልቁል የቆመ እንቁላል ልትያት ትችያለሽ፤ ታቿ ላይ ትንንሽ ጉብታ አላት። ቆዳዋ ወደ ቢጫ የሚሄድ አረንጓዴ ነው፣ በፀሐይ በኩል ያለው ጉንጯ ግን ይቀላል። ስትገምጫት ትንኮሻኮሻለች፣ ውሃዋ አገጭ ላይ ይወርዳል፤ ጣፋጭ ሆና ጫፏ ላይ ቆምጠጥ ትላለች። አንድ ጠባይ ግን አላት፤ አትቆይም። ተለቅማ ከሰነበተች ትለሰልስና ጣዕሟ ይሄዳል። ያለ ጊዜዋ ከቀጠፏት ደግሞ ትኮመጥጣለች። ስለዚህ ጉንጯ የሚቀላበትን ቀን መጠበቅ ነው።

መጋቢት አጋማሽ ላይ አንድ ቀን፣ ፀሐይዋ ቁልጭ ብላ፣ ከአባትሽ ጋር ጓሮ ቆመናል። ፍሬው ፊቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ እጁን ቢዘረጋ ይነካዋል። ቅላቱ ከአጥር ማዶ ይጠራል። እሱ ወደ እኔ ዞሮ ቀስ ብሎ፣ «የትሜ፣ ቀላች እንዴ?» አለኝ።

የሚቀልድ መሰለኝና ዝም አልኩት። ፊት ለፊቱ ቆሜያለሁ እኮ፣ ሁለት ክንድ አንራራቅም። ዓይኑን በእኔ ላይ አንከራተተና «የት ሄድሽ?» አለ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አላየኝም ልጄ። አባትሽ አያይም። ጨዉም፣ ሰላምታውም፣ ሳምሶን ያለው የፊሊጶስ ልጅም፣ ምሰሶውም፣ ቅርንጫፍ በጣት መዳሰሱም ሁሉ ያ ነው። እጁን ይዤ መሰላሉ ላይ አስቀመጥኩትና ልክ እንደ ተማሪ ጠየቅኩት። መጀመሪያ «የቡሌ ጉም መስሎኝ ነበር» አለኝ። «ጉሙ በበጋም አልነሳ ሲል ነው የገባኝ። አሁን ጥላ ጥላውን ነው የማየው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ለመነን ትነግሪያታለሽ። ዓይኑ ጠፋ ስትባል ትምህርቷን ጥላ ትመጣለች።»

እንግዲህ ፍረጂ። እሱ አንቺ እንዳትመጪ ብሎ ደበቀ፤ በመደበቁ አበደ ብለን አንቺን ልናስመጣ ነበር። ልቆጣ አልኩ፣ አልቻልኩም። የወራቱ ፍርሃት ሁሉ ከላዬ ወረደ፤ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያ እጄን ወደ ሰማይ ዘርግቼ፣ «ተመስገን ጌታዬ! ዕውር ነው! ዕውር ብቻ ነው!» ብዬ ጮህኩ። አባትሽም ከት ብሎ ሳቀ። ፊሊጶስ በአጥሩ በኩል ብቅ ብሎ እኔ እየሳቅኩ ሳለቅስ፣ አባትሽ መሰላል ታቅፎ ሲስቅ አየና «ኧረ ኢየሱስ፣ እትዬንም ያዘባት» ብሎ ሚስቱን ተጣራ።

በዚያው ሳምንት ሳምሶን መጥቶ ዲላ ወሰደን። የዓይን ሐኪሟ ወጣት ናት፣ አንቺን ትመስላለች። ዓይኑን አይታ ስትጨርስ «ልጄ፣ እባክሽ አእምሮውንም እይልኝ» አልኳት በጆሮዋ። ቀኑን ጠየቀችው፣ ወሩን ጠየቀችው፣ ቁጥር አስቀነሰችው። ሁሉንም መለሰና «አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ፤ ፖም ለማበብ ምን ይፈልጋል?» ብሎ ጀመረልሽ። ውጭ ወረፋ የያዘው ሰው በር እስኪያንኳኳ አናን ከእስራኤል አንስቶ ቡሌ አደረሳት። ሐኪሟ እየሳቀች «እማማ፣ ይሄ አእምሮ ለእኔም በተረፈኝ። የሁለቱም ዓይን ሞራ ነው፤ ቀኙን አሁን እንገፍፍላቸዋለን፣ ግራውን ከክረምት በፊት» አለችኝ። እጇን ልስም ስል ከለከለችኝ።

ከሆሳዕና በፊት ቀኙ ተሠራ። በፋሲካ «ደህና ነው» ስልሽ በጠራ ዓይኑ ዶሮ እየመረጠ ነበር ማለት ነው። አሁን አመንሽኝ? ሰው ሰላም ይላል፤ እንዲያውም የድሮውን ሁሉ ሊክስ ነው መሰል ገበያ ሲወጣ ማታ ነው የሚመለስ። አናንም ራሱ ለቀማት፣ ቅላቷን እያየ። ለቦንቱ አንድ ቅርጫት ላከላት፣ ለፊሊጶስና ለሽማግሌዎቹ ሰጠ። ሽማግሌዎቹም በልተው ሲጨርሱ አንደኛው «ጋሼ፣ የእኔንም ዛፍ አስተኛልኝ» አሉት። ለአንቺ አንዲት እንኳ ላስቀምጥልሽ አልቻልኩም፣ እንዳልኩሽ አትቆይም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ልተወው ብዬ ነበር፤ ግን ሁሉን እጽፍልሻለሁ ብዬ ጀምሬ ባልነግርሽ ልክ አይሆንም። በተሠራ በማግስቱ ፋሻውን ሲያነሱለት እኔና ሳምሶን ከፊቱ ቆመን ነበር። ሳምሶንን አየና ፈገግ አለ፣ «ጸጉርህ ሄደ አይደል?» አለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ደስታ ጠብቄ ነበር። አየኝ፣ ዓይኑን አልነቀለም። ፈገግታው እንዳለ ጠፋ።

«የትምወርቅ፣ መቼ ነው እንዲህ የከሳሽው?» አለኝ።

«ሁዳዴ አይደል እንዴ፣ ጾሙ ነው» አልኩት።

«ይሄ ጾም አይደለም» አለና ሳምሶንን «አንተ ይህን እያየህ ነው?» ብሎ ጮኸበት። ሳምሶንም አንገቱን ደፋ። እኔማ ያንተ ነገር መች ቀልብ ሰጠኝ፣ ምግብስ መች አስበላኝ ብዬ አሾፍኩበት። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን እህል ስበላ ቁጭ ብሎ ያየኛል፣ ውሃ አታንሺ ይለኛል፣ የጓሮዋን ዳገት ስወጣ ከኋላዬ ይከተላል። ባለፈው ማክሰኞ ዲላ ወስዶ አስመረመረኝ። ደም ወሰዱ፣ ደረቴን ፎቶ አነሱኝ፣ ሰኞ ተመለሱ ብለውናል። እኔ ትንፋሽ ያጥረኛል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም፤ አንቺ በዚህ አትጨነቂ። እኔ የምፈራው አንድ ነገር ነበር፣ እሱም ቀርቷል። አባትሽ ያውቀኛል። ስሜን ያውቃል፣ የልጆቹን ስም ያውቃል። ከዚህ በላይ ከእግዚአብሔር ምን ልጠይቅ?

ስለዚህ ልጄ፣ ትኬቱን መልሺና ትምህርትሽን ጨርሺ ብዬ ከዚህ በላይ ባለው መስመር ላይ ጽፌልሽ ነበር። ወረቀቱን ለአባትሽ ሰጠሁት፣ ራሱ ያንብበው ብዬ። መስኮቱ ጋ ሄዶ ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ ፊሊጶስ ጋ ሲደርስ ሳቀ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ እስክሪብቶ ጠየቀኝና ያቺን መስመር ሰረዛት፣ አጥቁሮ፣ እንዳትነበብ አድርጎ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩትም። እኔም መልሼ አልጻፍኳትም።

መንገድሽን ሁሉ የቀና ያድርግልሽ፤ በሄድሽበት ሰው አያሳጣሽ፤ የጀመርሽውን ለፍጻሜ፣ እኛንም ለዓይንሽ ያብቃን። አሜን።

እናትሽ
የትምወርቅ